የተከለከለው ክር እንዴት ተመልሶ መጣ

ፒያሳ ላይ ከወዳጆቼ ጋር ቡና ስንጠጣ ስለ ቴኒስ የሚነሣው ክርክር ሁልጊዜ ስለ ሰው ነው፤ ማን ልበ ሙሉ ነበር፣ ማን በጭንቅ ሰዓት ይረበሻል፣ ማን ይበልጥ ያምር ነበር። እኔ ግን በተጫዋቾቹ እጅ የነበረውን ዕቃ፣ በተለይም የራኬቱን ክር፣ ሳይመለከቱ በታላላቅ ፉክክሮች ላይ የሚሰጥ ፍርድ ጎደሎ ነው ባይ ነኝ። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።)

በኦክቶበር 1977 በደቡብ ፈረንሳይ፣ በኤክስ ኦን ፕሮቫንስ ከተማ፣ አርጀንቲናዊው ጊዬርሞ ቪላስ ከሩማንያዊው ኢሊ ናስታሴ ጋር ለፍጻሜ ተገናኘ። ቪላስ በዚያ ዓመት የፈረንሳይንና የአሜሪካን ኦፕን አሸንፎ፣ 46 ግጥሚያዎችን በተከታታይ ረትቶ የመጣ ሰው ነበር። ናስታሴ ግን ጀርመናዊው ቨርነር ፊሸር የፈለሰፈውን፣ በኋላ «ስፓጌቲ ራኬት» የተባለውን ዕቃ ይዞ ገባ። በተለመደው ራኬት ቋሚውና አግድሙ ክር እርስ በርሱ ተሸምኖ ይወጠራል። በፊሸር ራኬት ግን ቋሚዎቹ ክሮች ከአግድሞቹ ፊትና ኋላ በሁለት ረድፍ ተዘርግተው፣ በፕላስቲክ ቱቦ ተሸፍነው፣ ሳይሸመኑ ነበር የተወጠሩት። በዚህም ምክንያት ኳሷ ስታርፍባቸው ወደ ጎን ይንሸራተቱና በፍጥነት ወደ ቦታቸው ሲመለሱ ኳሷን ከልክ በላይ ያሾሯታል። ቪላስ 6 ለ 1 እና 7 ለ 5 ከተመራ በኋላ በቃኝ ብሎ ሜዳውን ጥሎ ወጣ። ነገሩን የሚያስቀው፣ ናስታሴ ራሱ ከጥቂት ቀናት በፊት ፓሪስ ላይ በዚሁ ዓይነት ራኬት ተሸንፎ ሲያማርር የነበረ መሆኑ ነው።

ዓለም አቀፉ የቴኒስ ፌዴሬሽን ወዲያውኑ ዕገዳ ጣለ፤ በ1978 ደግሞ ራኬት ማለት ምን እንደሆነ ለመጀመሪያ ጊዜ በደንብ አሰፈረ። እስከዚያ ድረስ አንድ ተጫዋች በምጣድ ቢጫወት እንኳ የሚከለክለው አንቀጽ አልነበረም።

ያ ዘመን ገና የእንጨት ራኬት ዘመን ነበር። የእንጨት ራኬት ፊት ስፋቱ 420 ካሬ ሴንቲ ሜትር ገደማ ስለነበረ፣ ኳሷን ከታች ወደ ላይ እየጠረጉ በማሾር ለመምታት የሚሞክር ሰው በቀላሉ በጠርዙ ይስታት ነበር። ስዊድናዊው ቢዮን ቦርግ ይህን ያሳካው ክሩን እስከ 36 ኪሎ ግራም በሚደርስ ኃይል አስወጥሮ ነው። በ1980 የዊምብልደን ፍጻሜ ከጆን ማኬንሮ ጋር ሲገጥም ሁለቱም የያዙት እንጨት ነበር፤ ማኬንሮ አራተኛውን ዙር 34 ነጥብ በፈጀ ታይ ብሬክ (ዙሩ እኩል ሲሆን በሚደረግ መለያ) 18 ለ 16 ቢወስድም፣ ቦርግ አምስተኛውን 8 ለ 6 አሸንፎ ዋንጫውን ለአምስተኛ ተከታታይ ጊዜ አነሣ። ከዚያ በኋላ ከታዩት የፍጻሜ ግጥሚያዎች መካከል የሰው ችሎታ እንዲህ ገሃድ የወጣበት ያለ አይመስለኝም፤ ምክንያቱም ራኬቱ ለአንዳቸውም ምንም አላገዘም። ቦርግ በ1991 ሞንቴ ካርሎ ላይ ያንኑ እንጨት ይዞ ሲመለስ፣ በጆርዲ አሬሴ 6 ለ 2 እና 6 ለ 3 ተረታ። ዘመኑ አልፎ ነበር።

ያሳለፈው በመጀመሪያ የራኬቱ መስፋት ነው። አሜሪካዊው ሃዋርድ ሄድ በ1976 ለፕሪንስ ኩባንያ ያወጣው ራኬት የፊቱ ስፋት 710 ካሬ ሴንቲ ሜትር ነበር፤ በ1978 የ16 ዓመቷ ፓም ሽራይቨር ይህንኑ ይዛ ለአሜሪካ ኦፕን ፍጻሜ ደረሰች። በነገራችን ላይ፣ ኳሷን ይበልጥ የሚያስፈነጥር ሰፊ ራኬት ለአዲስ አበባ ሰው ሁልጊዜ ወዳጅ አይደለም። እዚህ አየሩ በባሕር ጠረፍ ካለው በአምስት አንድ እጅ ገደማ የሳሳ በመሆኑ ኳሷ ፍጥነቷ ቶሎ አይቀንስም፣ ሹረቷም እንደ ቆላው ወደ መሬት አይስባትም። ስታዲየም አካባቢ ስንጫወት እንግዳ ሰው የመጀመሪያዎቹን ኳሶች ሁሉ ከመስመር ውጭ የሚያሳርፈው ለዚህ ነው። ደንቡም ከ1,219 ሜትር ከፍታ በላይ ለሚደረግ ጨዋታ የተለየ ኳስ ይፈቅዳል።

ሁለተኛው ለውጥ፣ ለእኔ ዋናው፣ በ1997 መጣ። በዓለም 66ኛ ደረጃ ላይ የነበረው ብራዚላዊው ጉስታቮ ኩዌርተን በፖሊስተር ክር እየተጫወተ ሙስተርን፣ ካፌልኒኮቭንና ብሩጌራን፣ ሦስት የቀድሞ ሻምፒዮኖችን፣ ረትቶ የፈረንሳይ ኦፕንን ወሰደ። ፖሊስተር ጠንካራና አንሸራታች በመሆኑ፣ ሕጉ እንደሚያዘው ተሸምኖ እያለም፣ ቋሚው ክር ተንሸራትቶ ይመለሳል። በ1978 በዋናው በር የተባረረው ነገር በጓሮ በር ገባ ማለት ነው፤ በዚህኛው ጊዜ ግን ማንም አላገደውም። ተጫዋቹ በሙሉ ኃይሉ መትቶም ኳሷ ሜዳ ውስጥ ታርፍለት ጀመር።

የሮጀር ፌደረርና የራፋኤል ናዳል ፉክክር የዚህ ክር ልጅ ነው። ግራኙ ናዳል በፎርሃንድ፣ ማለትም ራኬት በያዘበት እጁ በኩል፣ የሚመታው ኳስ በደቂቃ በአማካይ 3,200 ጊዜ ያህል እንደሚሾር ተለክቷል፤ ከእነርሱ በፊት የነበሩት ሳምፕራስና አጋሲ 1,800 አካባቢ ነበሩ። ያቺ ኳስ ነጥራ የምትነሣው በፌደረር የአንድ እጅ ባክሃንድ (ከራኬት እጁ ተቃራኒ) በኩል፣ ከትከሻው በላይ ነበር፤ እርሱ ደግሞ በ580 ካሬ ሴንቲ ሜትር ጠባብ ራኬት ይጫወት ነበር። የ2008 የፈረንሳይ ፍጻሜ 6 ለ 1፣ 6 ለ 3 እና 6 ለ 0 ያለቀው በዚህ ሁኔታ ነው።

ፌደረር በ2014 ወደ 625 ካሬ ሴንቲ ሜትር ራኬት ተዛወረ። በ2017 የአውስትራሊያ ፍጻሜ፣ በ35 ዓመቱ፣ በአምስተኛው ዙር 3 ለ 1 እየተመራ ያንኑ ባክሃንድ ኳሷ ሳትነሣ ቀድሞ እየመታ አምስት ጌሞችን በተከታታይ ወስዶ አሸነፈ። የናዳል ጉልበት መድከሙና ፌደረር አሠልጣኝ መቀየሩም ድርሻ እንዳላቸው አልክድም። ቁጥሩ ግን እንዲህ ይላል፦ እስከ 2014 የአውስትራሊያ ኦፕን ድረስ ናዳል 23 ለ 10 ይመራ ነበር፤ ከዚያ በኋላ በተገናኙባቸው 7 ግጥሚያዎች ፌደረር 6ቱን አሸነፈ፣ ናዳል ደግሞ አንዱን፣ እርሱንም በ2019 የፈረንሳይ ኦፕን በሚካሄድበት በሮላን ጋሮስ ቀይ አፈር ላይ።