«ራሴን ያመኛል» የምትል ተማሪ

ሐዋሳ ውስጥ በአንድ ዩኒቨርሲቲ የሴት ተማሪዎች ማደሪያ ፕሮክተር ነኝ። የፈተና ሰሞን በሬን የሚያንኳኩ ልጆች ይበዛሉ። «ጨንቆኛል» የምትለኝ ግን የለችም ማለት ይቻላል። «እትዬ፣ ራሴን ያመኛል»፣ «ጨጓራዬ ተነሣብኝ»፣ «እንቅልፍ እምቢ አለኝ» ነው የሚሉኝ። ክሊኒክ ሄደው የሕመም ማስታገሻ ተቀብለው ይመለሳሉ፤ ሳይሰነብቱ ያው ሕመም ያመላልሳቸዋል።

የእህቴ ልጅ ቻይና፣ ዉሃን ከተማ ተምሮ ሲመለስ ስለዚያ አገር ተማሪዎች ካጫወተኝ ወዲህ በነገሩ ላይ ያገኘሁትን ሁሉ አነባለሁ። አርተር ክላይንማን የተባለው አሜሪካዊ የአእምሮ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ ባሳተመው ጥናት፣ በቻይና ሁናን ግዛት ውስጥ «የነርቭ ድካም» ከተባለባቸው 100 ሕሙማን 87ቱ ከባድ የድብርት ሕመም ነበረባቸው። አብዛኞቹ ሐኪም ዘንድ የመጡት ራስ ምታትና እንቅልፍ ማጣት ብለው ነው። ይህን ሳነብ የእኔው ልጆች ፊቴ ድቅን አሉ።

ቻይናዊው ተማሪ ጋኦካኦ የሚባለውን የመግቢያ ፈተና አልፎ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ የቤተሰቡን ተስፋ ተሸክሞ ነው። እስከ 2015 እ.ኤ.አ. መጨረሻ በጸናው የአንድ ልጅ ፖሊሲ የተነሣ ብዙዎቹ ለወላጆቻቸው ብቸኛ ናቸው። ስለዚህ ወደ ቤት የሚደውሉት ደግ ደጉን ለመንገር ነው። እዚህም ያው ነው። ባለፈው ሳምንት አንዲት የአንደኛ ዓመት ልጅ ልብስ ማጠቢያው ጋ ቆማ እንባዋ አገጯ ላይ እየወረደ፣ ድምፅዋ ሳይሰበር «ደኅና ነኝ እማዬ፣ በልቻለሁ» ስትል ሰማኋት። በልታ አልነበረም።

በቻይና መመሪያ ለ200 ተማሪዎች ቢያንስ አንድ «ፉዳኦዩዋን» የሚባል የተማሪዎች መካሪና ተከታታይ፣ ለ4000 ተማሪዎች ደግሞ ቢያንስ አንድ የሥነ ልቦና አማካሪ ይመደባል። ሆኖም ፉዳኦዩዋን ተማሪን የሚመክረውም፣ ለሽልማት የሚያጨውም፣ ሥነ ምግባሩን የሚከታተለውም እርሱ ነው። ተማሪው ገመናውን ለዚህ ሰው ከመዘርገፍ ሆድ ይፍጀው ቢል አይፈረድበትም። እኔም ሰዓት አሳልፋ የገባችውን መዝጋቢ ነኝና ይህ በደንብ ይገባኛል።

ጥናቶች ደጋግመው እንዳሳዩት ቻይናውያን ተማሪዎች ሲጨንቃቸው አስቀድመው የሚሄዱት ወደ ጓደኛ ነው፤ ባለሙያ ዘንድ የሚደርሱት መጨረሻ ላይ፣ ያውም ከደረሱ ነው። ቲያንጂን ዩኒቨርሲቲ በ2004 እ.ኤ.አ. የጀመረውን አሠራር የወደድኩት ለዚህ ነው። በየክፍሉ ከተማሪዎቹ መካከል አንድ የሥነ ልቦና ተጠሪ ይመረጣል፤ ዛሬ አሠራሩ በአገሪቱ ተስፋፍቷል። ተጠሪው አያክምም። ምግብ የተወውን፣ ከክፍል የቀረውን፣ ከሰው የሸሸውን ያስተውላል፤ ያነጋግራል፤ ሲከፋም ወደ አማካሪ ያደርሳል።

እኛ ዘንድ ይህን ሥራ ያለ ሥልጠና የሚሠሩት የመኝታ ክፍል ጓደኞች ናቸው። ያቺን ልጅ እጇን ይዛ ወደ ምክር አገልግሎት የወሰደቻት ከላይኛው አልጋ የምትተኛው ጓደኛዋ ናት፤ እስክትወጣም በረንዳው ላይ ጠብቃታለች። ለተማሪዎች ዲን ያስገባሁት ማመልከቻም ይህንኑ ይላል፦ ከየመኝታ ክፍሉ አንዲት ልጅ ትመረጥ፣ ምን ማየትና ማንን መጥራት እንዳለባት ትሠልጥን፣ የጓደኛዋን ምሥጢር ለእኔም ቢሆን እንድትነግር አትገደድ።