ሁሉም “ናይሎን” ናይሎን አይደለም

የጭነት ማሰሪያ ቀበቶ ራሴ መስፋት ከጀመርኩ ወራት አለፉ። ባለፈው ሳምንት አራተኛዋን ጨረስኩ፤ ስፌቷ ቀጥ ብሎ ስለወጣልኝ ነው የምጽፈው። ስለ ስፌቱ ብዙ አልልም፤ መርፌ ሰብሬያለሁ፣ ክር አባክኛለሁ፣ በቃ።

የፈጀኝ ጨርቁ ነው። ኮምቦልቻ ገበያ ገብታችሁ “ይሄ ከምን የተሠራ ነው?” ብትሉ መልሱ አንድ ነው፤ ናይሎን። ፖሊስተሩም ናይሎን፣ ፖሊፕሮፒሊን የሚባለው ሌላው ፕላስቲክም ናይሎን። ክረምት ላይ አንድ ጠዋት ከደሴ ሁለት ባዶ ሮቶ በአይሱዙ ጭነን፣ በዚያ ጉምና ካፊያ፣ ቀበቶውን ከላይ ጥርቅም አድርጌ ወጠርኩት። ቁልቁለቱን ጨርሰን ኮምቦልቻ ስንገባ ቀበቶዬ እንደ ልብስ ማስጫ ገመድ ረግቧል። ሮቶዎቹ አልወደቁም፤ ሹፌሩ ያለኝን ግን እዚህ አልጽፈውም። ለካ የዚያን ቀን እውነተኛ ናይሎን ደርሶኝ ኖሯል! ናይሎን ውሃ ይጠጣል፣ ሲርስ ይለጠጣል፣ ጉልበቱም ይቀንሳል። መለጠጡ መኪና ለመጎተት ጥሩ ነው፤ ለጭነት ግን በነፃ ቢሰጡኝም አልወስድም።

አሁን ዋና መሣሪያዬ ባልዲ ነው። ቁራጭ ውሃ ውስጥ እጨምርና አየሩ እንዲወጣ በጣቴ እጨምቀዋለሁ። ከተንሳፈፈ ፖሊፕሮፒሊን ነው፣ ከውሃ ይቀላል። ከሰመጠ ወይ ናይሎን ወይ ፖሊስተር ነው፤ እዚህ ላይ ሁለት ወር ተንከራተትኩ። አቃጥለህ አሽትት ያሉኝ ነበሩ። ለእኔ አፍንጫ ሁለቱም የተቃጠለ ፕላስቲክ ናቸው፣ ትርፉ ከእናቴ ጋር መጣላት ሆነ። የሠራልኝ ሜትር ነው። 2 ሜትር ቆርጬ ድንጋይ አንጠለጥልበትና እለካለሁ፤ ውሃ ውስጥ አሳድሬ በዚያው ድንጋይ ደግሜ እለካለሁ። ጨመር ያለው ናይሎን ነው፤ ፖሊስተር ያው እንደነበረ ነው። መለያ ጨርቅ የተሰፋበት ካገኛችሁ ደግሞ ይሄ ሁሉ ልፋት የለም፤ በአውሮፓ ደረጃ ሰማያዊ መለያ ፖሊስተር፣ አረንጓዴ ናይሎን፣ ቡናማ ፖሊፕሮፒሊን ነው። መለያውን እንጂ የቀበቶውን ቀለም አትመኑ።

ፖሊስተር ግዙ፣ አለቀ። ስሚንቶ ከጫናችሁበት ግን እጠቡት፣ እርጥብ ስሚንቶ ይበላዋል። ፖሊፕሮፒሊን ርካሽ ነው፤ የሚሌ መንገድ ፀሐይ ግን ያደርቀውና ይሰባበራል። እኔ ራሴ ሸራ የማስረው በእሱ ነው፣ ምን ላድርግ፣ ጥቅሉ አላልቅ ብሎኝ።

ቀበቶ አትቋጥሩ እላለሁ፤ ቋጠሮ ጉልበቱን ክፉኛ ይቀንሰዋል። ሰኞ ለባቲ ገበያ ስንቸኩል የቋጠርኩት ግን እስካሁን አልፈታ ብሎኛል።