አርባ ሲሊንደር ጋዝ ለማስገባት ያለፍኩበት መንገድ

ፍሪጅና ኤሲ ስጠግን አሥራ አራት ዓመት ሆኖኛል። ጋዝ የምገዛው ከመርካቶ ነበር። ዋጋው ሲንርብኝ ራሴ ላስመጣ ብዬ ተነሳሁ። የፈለግኩት አር 22 የሚባለውን የማቀዝቀዣ ጋዝ ነው። የቆዩ የግድግዳ ኤሲዎች አሁንም የሚፈልጉት እሱን ነው።

ስህተቴን አስቀድሜ ልናገር። ዱባይ ካለ ሻጭ ጋር በመቶ ሲሊንደር ተስማማሁ። ከደንበኞቼም ቀብድ ተቀበልኩ። ፈቃድ ልጠይቅ የሄድኩት ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

የፈቃድ ሰጪው መሥሪያ ቤት ባለሙያዋ ወረቀቴን አገላብጠው አዩና «መቼ ነው ያዘዙት?» አሉኝ።

«ገና አልተጫነም፤ ዋጋ ብቻ ነው የተስማማነው» አልኳቸው።

«እንኳን አልተጫነ። የዓመቱ ኮታ ለአስመጪዎች ተከፋፍሏል። ለእርስዎ አርባ ሲሊንደር ቢደርስዎት ነው።»

ተናደድኩ። በኋላ ግን ቁጭ ብለው አስረዱኝ። አር 22 ውስጥ ክሎሪን አለ። ጋዙ ሲያመልጥ ወደ ላይ ወጥቶ ከፀሐይ ጎጂ ጨረር የሚከልለንን የኦዞን ንጣፍ ያሳሳል። ጉዳቱ ሲኤፍሲ 11 ከሚባለው የቀድሞ ጋዝ ጋር ሲነጻጸር 5.5 በመቶ ያህል ነው። ትንሽ ይመስላል። ግን በዓለም ላይ ስንት ኤሲ እንዳለ አስቡት። ኦዞንን ለመጠበቅ አገሮች በተስማሙበት በሞንትሪያል ፕሮቶኮል መሠረት እንደ እኛ ያሉ አገሮች ሲኤፍሲን እ.ኤ.አ. በ2010 አቁመዋል። አር 22 ያለበትን የኤችሲኤፍሲ ቤተሰብ ደግሞ ከ2013 ጀምሮ ከመነሻው መጠን (ከ2009 እና ከ2010 አማካይ) እንዳያልፍ ገደቡት። በ2015 ከመነሻው 10 በመቶ፣ በ2020 35 በመቶ፣ በ2025 67.5 በመቶ መቀነስ ግዴታ ሆነ። በ2030 ለጥገና ከሚተርፍ ጥቂት መጠን በቀር ያበቃል። እኛ አገር አዋጅ ቁጥር 716 ያለ ፈቃድ ማስገባትን የሚከለክለው ለዚህ ነው። የእኔ መቶ ሲሊንደርም የሚቀነሰው ከዚሁ እያነሰ ከሚሄድ ድርሻ ላይ ነበር።

ደንበኞቼን ምን ልበላቸው? ለሻጩ የሚሠራው ደላላ ሐበሻ ነው። ስልክ ደወልኩለት።

«አንተ ደግሞ! ስልሳውን አር 134ኤ ብለን እንጽፈዋለን። ካርቶኑንም እንቀይረዋለን። ማን ሊያውቅ?»

አር 134ኤ ኦዞንን የማይጎዳ ሌላ የማቀዝቀዣ ጋዝ ነው። አላንገራገርኩም አልልም። ግን የሙያው ሰው ስለሆንኩ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። እ.ኤ.አ. በ2011 ቬትናምና ብራዚል ውስጥ የማቀዝቀዣ ኮንቴይነሮች ፈንድተው ሦስት ሠራተኞች ሞተዋል። ስሙ አር 134ኤ የተባለው ጋዝ ሜቲል ክሎራይድ ተቀላቅሎበት ነበር። ይህ ነገር ከአልሙኒየም ጋር ሲገናኝ፣ አየር ሲነካው በራሱ የሚቀጣጠል ውህድ ይፈጥራል። ካርቶን አይቶ ጋዝ የሚሞላው እንደ እኔ ያለ ሰው ነው። ስም የተቀየረበትን ሲሊንደር ለሌላ ጠጋኝ ብሸጥ እሱ በምን ያውቃል? ደግሞም ላኪው አገር ለማን ስንት እንደላከ ያሳውቃል፤ እኛም ያስገባነውን እናሳውቃለን። ናይሮቢ ባለው የኦዞን ጽሕፈት ቤት ሁለቱ ቁጥሮች ሲተያዩ ልዩነቱ ይወጣል። «አርባውን ብቻ ላክልኝ» አልኩት። ለስልሳው ቀብዱን መለስኩ። ሁለት ደንበኛ አጣሁ።

ከዚያ በኋላ ያስቸገረኝ ወረቀቱ ነው። የሻጩ ፕሮፎርማ (የዋጋ ማቅረቢያው) «የማቀዝቀዣ ጋዝ» ብቻ ይላል። እንዲህ የተጻፈ ሰነድ ይዛችሁ አትሂዱ። የኬሚካሉን ስም፣ 2903.71 የሚለውን የታሪፍ ቁጥርና ክብደቱን እንዲጽፍ አስገደድኩት። ክብደቱን የጻፈው ከነብረቱ ነበር። ፈቃዱ የሚቆጥረው ግን የጋዙን ብቻ ነው። አንዱ ሲሊንደር 13.6 ኪሎ ነው፤ አርባው 544 ኪሎ። ከነብረቱ ቢገባ ኖሮ ከፈቃዴ በላይ ያስመጣሁ እመስል ነበር። የጉምሩክ ጉዳዬን የሚያስጨርስልኝ ትራንዚተሬ ይህን ሲያይ «እግዜር ይስጥህ፣ ሞጆ ላይ ስንት ቀን አዳንከኝ» አለኝ።

ሞጆ ደረቅ ወደብ ላይ ተቆጣጣሪው ሲሊንደሮቹን እየመረጠ በመለያ መሣሪያ ፈተሸ። ትንሽ ጋዝ ይወስድና ምን እንደሆነ በመቶኛ ያሳያል። እኔ የግፊት መለኪያ ጌጅ ይበቃል ብዬ አስብ ነበር። አይበቃም። የተከለከለው ሲኤፍሲ፣ አር 12ና አር 134ኤ በ20 ዲግሪ ሙቀት ግፊታቸው አንድ ነው ማለት ይቻላል። በጌጅ ለይቻለሁ የሚል ጠጋኝ ራሱን እያታለለ ነው። የእኔዎቹ ንጹህ አር 22 ሆነው ወጡ። ያን ቀን የተሰማኝን እፎይታ አልረሳውም።

ዘንድሮ ማመልከቻዬን ያስገባሁት ከማንም ጋር ዋጋ ሳልነጋገር ነው። የጠየቅኩትም ሃያ ሲሊንደር ብቻ ነው። ጋዝ መሳቢያ ማሽን ገዝቻለሁ። ድሮ አሮጌ ኤሲ ስፈታ ጋዙን አየር ላይ እለቀው ነበር። አሁን ስቤ መልሶ መጠቀሚያ ሲሊንደር ውስጥ አስገባለሁ፤ ከሰማንያ በመቶ በላይ አልሞላውም። ልጁ ረዳቴ ሚዛኑ ላይ ዐይኑን ተክሎ ይቆምና «ጋሼ፣ ደረሰ!» ይለኛል።