ለፕላስቲክ ጠርሙስ ደረሰኝ ከየት ይምጣ?

ያገለገለ የውሃ ጠርሙስ ገዝቶ፣ ፈጭቶና አጥቦ ለፋብሪካ ማስረከብ ላሰበ ሰው ስለ ማሽን የሚያወራለት አይጠፋም። ስለ ደረሰኝ ግን የነገረኝ አንድም ሰው አልነበረም።

ሥራው ራሱ ያን ያህል አይከብድም። ተፈጭቶ ውሃ ውስጥ ሲገባ ክዳኑ ይንሳፈፋል፣ ጠርሙሱ ይሰምጣል። የወረቀቱን ሙጫ ሙቅ ውሃና ኮስቲክ ሶዳ ያነሱታል። የሚያስፈራው ፒቪሲ የሚባለው ሌላው የፕላስቲክ ዓይነት ነው፤ እንደ ጠርሙሱ ስለሚሰምጥ በውሃ አይለይም፣ ጥቂቱ ከገባ ደግሞ ሲቀልጥ ሌላውን ሁሉ ያበላሻል። ስለዚህ ዓይናቸው የሰላ ለቃሚ ሴቶችን ቅጠሩ። ንግድ ፈቃዱ፣ የአካባቢ ተጽዕኖ ሰነዱና የመጋዘን ኪራዩ አሰልቺ ናቸው፣ ግን ያልቃሉ።

የማያልቀው የግብር ኦዲቱ ነው።

ጠርሙሱ ወደ እኔ የሚመጣው ከቆራሌው፣ ከምናለሽ ተራ ነጋዴዎችና ከቆሼ ለቃሚዎች ነው። ሁሉም የሚፈልጉት ጥሬ ገንዘብ ነው፤ ደረሰኝ የሚቆርጥልኝ የለም። ሻጩ ማዳበሪያውን ሚዛን ላይ ያወርድና ዓይኑን ከቁጥሩ ሳይነቅል ይጠብቃል፤ ብሩን ቆጥሮ ይሄዳል። ስም ስጠይቅ የሚደነግጥ አለ። መታወቂያ የጠየቅኋቸው አንድ አዛውንት፣ “ልጄ፣ የሸጥኩልሽ ጠርሙስ ነው እንጂ ቤት አይደለም” ብለው ማዳበሪያቸውን መልሰው ተሸከሙ።

ያም ሆኖ እያንዳንዱን ግዥ መዝግቤያለሁ፤ ቀኑ፣ ኪሎው፣ ዋጋው፣ ፊርማው ወይም የጣት አሻራው አለ። ኦዲተሩ መዝገቡን ገለጥ ገለጥ አድርጎ ወደ እኔ ገፋው።

“እህቴ፣ ቆሻሻ ደግሞ ይገዛል እንዴ? ሜዳ ላይ ወድቆ እያለ!”

ስሸጠው ግን ቆሻሻ ነው ብሎ አልተወልኝም። ለፋብሪካው የቆረጥኩትን ደረሰኝ እስከ መጨረሻዋ ሳንቲም ደመረው።

ሒሳቡን ተመልከቱት። በ80 ብር የገዛሁትን በ100 ብር ብሸጥ፣ ሌላውን ወጪ ሁሉ ትተን፣ ትርፌ 20 ብር ነው። 80 ብሩ በወጪነት ካልተያዘልኝ የድርጅት ግብሩ 30 በመቶ ስለሆነ ከ100 ብሩ ላይ 30 ብር እጠየቃለሁ። 20 ብር አትርፌ 30 ብር ግብር! አዲስ ጥሬ ፕላስቲክ ከውጭ የሚያስመጣው ነጋዴ ግን የጉምሩክ ዲክላራሲዮኑን፣ ማለትም ዕቃው የገባበትን የጉምሩክ ሰነድ፣ ያቀርባል፣ ወጪው ይያዝለታል። ያገለገለውን መልሶ ጥቅም ላይ ማዋል፣ ዑደታዊ ኢኮኖሚ እያሉ በየአዳራሹ የሚያሰለጥኑን ሰዎች ይህችን ሒሳብ ሲሠሩ አላየሁም።

በዚያ ላይ የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 በሕግ የተቀመጠውን የገንዘብ ገደብ ላለፈ ግዥ፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ከሌለው አቅራቢ ክፍያ ላይ 30 በመቶ ለግብር ቀንሳችሁ አስቀሩ ብሎ ነው የወጣው። እስቲ ሙሉ ጭነት ያመጣን የምናለሽ ተራ ነጋዴ እንዲህ በሉት። ጭነቱን ሳያወርድ መዝገብ የሚባል ነገር ወደማያውቀው ጎረቤት መጋዘን ይነዳዋል።

ቅሬታ አቀረብኩ። ከረጅም ምልልስ በኋላ ከፊሉ ወጪ ተያዘልኝ፤ ለቀረው መኪናዬን ሸጬ ከፈልኩ። አሁንም ስጽፈው ደሜ ይፈላል።

በስልጠናዎቹ ላይ “መጀመሪያ ማሽን ግዙ፣ ቆራሌዎችን በማኅበር አደራጁ” ይባላል። አትስሙ። ማሽኑ ይደርሳል። ማኅበሩም ክፍያውን እስኪያከፋፍል ድረስ የዕለት ጉርሱን ከዕለት ሽያጩ የሚያገኝ ሰው አይጠብቀውም። ከመጀመሪያዋ ኪሎ በፊት፣ ደረሰኝ ከሌለው ሻጭ ለሚገዛ ዕቃ የሚያገለግለውን የግዥ ደረሰኝ በታክስ መሥሪያ ቤቱ ፈቃድ አሳትሙ። ፈቃዱን በቃል ሳይሆን በደብዳቤ ተቀበሉ። መለያ ቁጥር ላለው ነጋዴ በኪሎ ትንሽ ጨምሩለት፣ ክፍያውንም በባንክ አድርጉ፤ ጭማሪው ከግብር ቅጣት ይረክሳል። የሰነዱን ሁሉ ቅጂ ደግሞ እቤታችሁ አስቀምጡ፤ ለታክስ መሥሪያ ቤቱ የሰጣችሁት ፋይል አንድ ቀን “አልተገኘም” መባሉ አይቀርም።