ሲገናኙም ቻው፣ ሲለያዩም ቻው

ፕራግ በገባሁ በመጀመሪያው ሳምንት አንድ የሥራ ባልደረባዬ ጠዋት ቢሮ ገብቶ ኮቱን ሳያወልቅ «ቻው!» ሲለኝ፣ የረሳው ነገር ኖሮ ተመልሶ የሚወጣ መስሎኝ «ቻው፣ ቻው» ብዬ እጄን እያወዛወዝሁ ሸኘሁት። እርሱ ግን ወንበሩን ስቦ ተቀመጠ። ቃሉን እኛም ቼኮችም ከጣሊያንኛ ወስደነዋል፤ በእኛ አፍ ለስንብት ብቻ ሲቀር፣ በእነርሱ ዘንድ ለመገናኘትም ለመለያየትም እንደሚያገለግል ያን ዕለት ተማርሁ።

ነገሩ ለአማርኛ ተናጋሪ ይህን ያህል ሊያስደንቅ ባልተገባው ነበር፤ «ጤና ይስጥልኝ» ስንገባም ስንወጣም የምንለው ነውና። ሆኖም አሠራሩ የተገላቢጦሽ ነው። በእኛ ዘንድ ሁለቱንም የሚሸከመው የአክብሮቱ ቃል ሲሆን፣ በቼክኛ የአክብሮቱ ሰላምታ ሲገናኙ «ዶብሪ ደን»፣ ሲለያዩ «ናስኽለዳኖ» ተብሎ ይከፈላል፤ ለመምጣትም ለመሄድም የሚሆኑት «አሆይ»፣ «ቻው» እና «ናዝዳር» የተባሉት የወዳጅ ቃላት ናቸው።

የ«ቻው» ምንጩ የቬኒስ ሰዎች «ባሪያዎ ነኝ» ይሉበት የነበረው ቃል ነው፤ የድሮ ደብዳቤዎቻችን መጨረሻ ላይ እንደሚገኘው «አሽከርዎ» ማለት ነው። ያ የቬኒስ ቃል ደግሞ በመካከለኛው ዘመን ላቲን በኩል «ስላቭ» ከሚለው የሕዝብ ስም የወጣ በመሆኑ፣ ራሳቸው ስላቭ የሆኑት ቼኮች ሳያስቡት በገዛ ስማቸው ሰላም ይባባላሉ ለማለት ይቻላል። «አሆይ» የመርከበኞች ጥሪ ነው። እንደ አገራችን ባሕር የሌለው ሕዝብ የመርከበኛ ሰላምታ እንዴት እንደያዘ ብጠይቅ መልሱ ወንዝ ሆኖ አገኘሁት፤ በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች መካከል በታንኳ የሚቀዝፉና ጫካ ውስጥ ድንኳን የሚተክሉ ወጣቶች አስፋፉት። ዛሬም በቭልታቫ ወይም በሳዛቫ ወንዝ ላይ ሁለት ታንኳዎች ሲተላለፉ፣ ቀዛፊዎቹ ቢተዋወቁም ባይተዋወቁም፣ ዕድሜያቸው የቱንም ያህል ቢራራቅ፣ «አሆይ!» ይባባላሉ። ወደ ከተማ ሲመለሱ ያው ሰው «ዶብሪ ደን» የሚባል ይሆናል።

«ናዝዳር» ከሁሉም የከበደ ታሪክ አለው። ትርጉሙ «ለስኬት» እንደማለት ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1862 የተመሠረተው የሶኮል የስፖርት ማኅበር አባላት ሰላምታ ነበር፤ ለፕራግ ብሔራዊ ቲያትር ግንባታ ከሕዝብ ገንዘብ ከተሰበሰበበት ዘመቻም ጋር ስሙ ይነሣል። እ.ኤ.አ. በ1914 በፈረንሳይ ጦር ሥር የተሰለፉት የቼክ በጎ ፈቃደኞች ሻምበል መጠሪያውን ያገኘው ከዚሁ ሰላምታ ነው። ይህን ሁሉ ክብር የተሸከመውን ቃል ዛሬ ጓደኛሞች «ናዝዳር ባዛር!» እያሉ ቤት ያስመቱበታል፤ ባዛሩ ከገበያ ጋር አንዳች ጉዳይ የለውም፣ ስለገጠመ ብቻ ገባ። ቡና የደፋ ሰው ደግሞ «ኖ ናዝዳር!» ሲል ብትሰሙ ማንንም ሰላም እያለ አይደለም፤ «ወይ ጉድ!» ማለቱ ነው።

ጨዋታው የሚጣፍጠው ቃሉን በማቆላመጡ ላይ ነው። እኛ «እማዬ»፣ «ወንድምዬ» ስንል ሰው መጥሪያው ላይ የምንጨምራትን «ዬ» እነርሱ ሰላምታው ላይ ይቀጥሏታል፦ አሆይ «አሆይኪ»፣ ናዝዳር «ናዝዳረክ»፣ ቻው «ቻውኪ» ይሆናል። ከዚያ ድመቷ ትገባና «ቻውኪ ምኛውኪ» ይባላል፤ የእኛ ድመት «ሚያው» ስትል የእነርሱ «ምኛው» ትላለችና። ሲለያዩ ደግሞ «ፓትስ አ ፑሱ» የሚል አለ፤ ቃል በቃል «መዳፍና መሳም» ማለት ሲሆን፣ መዳፉ የእንስሳ ነው። እኔ ይህን የመጨረሻውን እወደዋለሁ፤ ድመቷን ግን ከሠላሳ ዓመት በላይ የሆነው ወንድ ደጋግሞ ሲላት ጆሮዬን ይከብደኛል።

የእነዚህ ቃላት በር የሚከፈተው በ«ቲ» ነው። ቼክኛ እንደ እኛ አንተና እርስዎን ይለያል፤ «ቲ» አንተም አንቺም ሲሆን «ቪ» እርስዎ ነው። ከ«ቪ» ወደ «ቲ» ለመሻገር ግብዣው ከታላቅ ወደ ታናሽ፣ ከሴት ወደ ወንድ፣ ከአለቃ ወደ ሠራተኛ መምጣት አለበት። እኔ ይህን ሳላውቅ በእናቴ ዕድሜ ያሉትን የሦስተኛ ፎቅ ጎረቤቴን ሊፍት ውስጥ «አሆይ!» አልኋቸው። እርሳቸውም ፊታቸውን ሳያጠቁሩ፣ እያንዳንዱን ፊደል ለይተው «ዶብሪ ደን» ሲሉኝ ላብ አሰመጠኝ። አማርኛ ቢሆን «አንቺ» እንዳልኋቸው መሆኑ ነበር፤ አፌ ያልለመደው ቋንቋ ስለሆነ ግን የቃሉ ክብደት አልተሰማኝም።

ከዚያ በኋላ አንድ ዓመት ሙሉ ስገባ «ዶብሪ ደን»፣ ስወጣ «ናስኽለዳኖ» ስል ቆየሁ። አንድ ቀን ሊፍቱ ተበላሽቶ የገበያ ዘንቢላቸውን እስከ ቤታቸው ስሸከምላቸው፣ በራቸው ላይ እጃቸውን ዘርግተው የመጀመሪያ ስማቸውን ነገሩኝና ከእንግዲህ «ቲ» እንድንባባል ጋበዙኝ። አሁን ሦስተኛ ፎቅ ላይ ሲወርዱ «ቻውኪ!» ይሉኛል። ድመቷን ጨምሬ ልመልስላቸው ብዬ አፌ ላይ ደርሳ ብዙ ጊዜ መልሻታለሁ፤ የሊፍቱ በር ሲዘጋ ከእኔ የሚወጣው ያው «አሆይ» ነው፣ እርሱም ቢሆን አንገቴን ዝቅ አድርጌ።