ከኮምፒውተር ወደ አባቴ አምፕሊፋየር፦ በአንድ ቀዳዳ የከፈልኩት ዋጋ

ከአባቴ የወረስኩት አምፕሊፋየር ከሁለት የእንጨት ስፒከሮቹ ጋር ሐዋሳ፣ ታቦር ተራራ ሥር ባለው ቤታችን ሳሎን ውስጥ ዳንቴል ለብሶ ዓመታት ተቀምጧል። ዘፈኖቼ ያሉት ደግሞ መኝታ ቤት፣ ኮምፒውተሬ ላይ ነው። ባለቤቴ በኮሪደሩ ገመድ እንዳልዘረጋ ስለከለከለችኝ ፒያሳ ወጥቼ ክብሪት የምታክል የብሉቱዝ መቀበያ በ900 ብር ገዛሁ። ከኮምፒውተሩ ጋር ለማስተዋወቅ ሁለት ደቂቃ አልፈጀብኝም።

ጣጣው የመጣው ከአምፕሊፋየሩ ጀርባ ነው። ቀይና ነጩን ገመድ ባዶ ሆኖ ባገኘሁት የመጀመሪያ ቀዳዳ ሰካሁት። የወጣው ድምፅ ዘፈን አይባልም፤ ክራሩ እንደ ወፍጮ ያጓራል። ድምፁን ብቀንስ ቀስ ብሎ ያጓራል እንጂ አይጠራም።

በባጃጅ፣ ጉልበቴ ላይ አቅፌ ጠጋኝ ዘንድ ወሰድኩት። ጠጋኙ ምንም ሳይሞክር ክዳኑን ፈታ፤ ውስጡን በጥርስ ብሩሽ ጠርጎ «ትራንዚስተሮቹ ተቃጥለዋል» አለኝ። የስታኞው ጭስ ዓይኔን እየቆጠቆጠኝ 2,400 ብር ቆጠርኩለት። ሲጨርስ ስልኩን በራሱ ገመድ አገናኝቶ አጫወተልኝ፤ ጥርት ያለ ድምፅ! መርቄው ወጣሁ። ቤት ገብቼ እዚያው ቀዳዳ ላይ መልሼ ሰካሁት፤ ያው ወፍጮ።

ሚስጥሩን ያወጡት እናቴ ናቸው። «ልጄ፣ እዚህ የሚሰካው እኮ ሸክላ ነው፤ አባትህ ቴፑን የሚሰኩት ከወዲያኛው ነበር።»

አቧራውን በጣቴ ብጠርገው «ፎኖ» የሚል ጽሑፍ ብቅ አለ። የሸክላ መርፌ የሚልከው 5 ሚሊቮልት አካባቢ ስለሆነ ያ ቀዳዳ የገባለትን ሁሉ መቶ ጊዜ ያህል ያጎላዋል፤ ወፍራሙን ድምፅማ ከዚያም በላይ። የእኔ መቀበያ 1 ቮልት ገደማ፣ ማለትም የመርፌውን ሁለት መቶ እጥፍ ያህል ይልካል። ድምፁ የሚበላሸው መቀነሻው ዘንድ ሳይደርስ ነው፤ ቁልፉን ያን ያህል ማዞሬ ከንቱ ነበር። ጠጋኙ የውስጡን አቧራ ጠረገ፤ የጀርባውን ግን እሱም እኔም አልነካነውም።

«ኦክስ» በሚለው፣ ለቴፕና ለመሰሎቹ በተሠራው ቀዳዳ ስሰካው ዘፈነ። የመቀበያው መመሪያ እስከ 10 ሜትር ይሠራል ይላል፤ በእኛ ብሎኬት ግድግዳ ግን አራት ሜትር ላይ ይቆራረጥ ነበር። ዋይፋዩም ብሉቱዙ በሚሠራበት በዚያው 2.4 ጊጋኸርዝ ሞገድ ስለሚሠራ የኮምፒውተሩን ዋይፋይ ወደ 5 ጊጋኸርዝ ባዛውረው ተሻለው። መመሪያው የኮምፒውተሩን ድምፅ መካከል ላይ አድርጉ ቢልም አትስሙት፤ እዚያ ሙሉ ለሙሉ ከፍታችሁ አምፕሊፋየሩ ላይ ቀንሱ፤ ከዘፈኑ ሥር የሚሰማው ሹክሹክታ ይጠፋል። ፊልም ግን አልመክርም፤ ከንፈሩ ይቀድምና ቃሉ ይከተላል።

ጠጋኙ ሱቁ በር ላይ ባየኝ ቁጥር «ቴፑ እንዴት ነው?» ይለኛል። «እጅህ ይባረክ» እላለሁ።