ጌሙ ሲንቀራፈፍ ኔቱን ከመርገማችሁ በፊት

ሁላችንም «ላግ» የምንላት ቃል ቢያንስ ሦስት በሽታ ትሸፍናለች። ማፑ ሎድ እስኪያደርግ መጠበቅ አንድ ነው፤ መሀል ጨዋታ ላይ ወደ ኋላ እየጎተተ መመለሱ ሌላ ነው፤ ገና ሳይገባ «ኮኔክሽን ኤረር» ማለቱ ደግሞ ሌላ። መድኃኒታቸውም አይገናኝም።

የመጀመሪያው ብዙ ጊዜ ከኢንተርኔት ጋር ጉዳይ የለውም። ሎድ እያደረገ ሳለ ኮንትሮል፣ ሺፍት እና ኤስኬፕን አንድ ላይ ተጭናችሁ ታስክ ማኔጀርን ክፈቱ። ዲስኩ 100% ላይ ተሰቅሎ ኔትወርኩ ዝም ካለ፣ የኢንተርኔት ፓኬጅ ማሳደግ ገንዘብ ማቃጠል ነው። አሮጌ ሃርድ ዲስክ በሰከንድ ቢያነብ ከ100 እስከ 150 ሜጋባይት ነው፤ ተራ የሳታ ኤስኤስዲ (የሚሽከረከር አካል የሌለው ፈጣን ዲስክ) ግን 500 አካባቢ ይደርሳል። በተበታተኑ ትንንሽ ፋይሎች ላይ ልዩነቱ ከዚህም ይሰፋል። ጌሙን ወደ ኤስኤስዲ አዛውሩት።

መሀል ጨዋታ ላይ የሚቆራረጠውን በፒንግ ለኩ፤ ፒንግ ትንሽ መልእክት ደርሶ ለመመለስ የሚፈጅበት ጊዜ ነው። ሲኤምዲን (የዊንዶውስን ትዕዛዝ መጻፊያ) ከፍታችሁ መጀመሪያ የራሳችሁን ራውተር፣ ብዙ ጊዜ 192.168.1.1ን፣ 50 ጊዜ ፒንግ አድርጉ፤ ከአድራሻው ቀጥሎ ሰረዝ ኤን 50 (-n 50) ይጻፋል። በኬብል 1 ሚሊሰከንድ ወይም ከዚያ በታች መሆን አለበት። በዋይፋይ 3፣ 4 እያለ ቆይቶ ድንገት 180 ከዘለለ ችግሩ ከቤታችሁ አልወጣም። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ለሚኖር ይህ የዕለት ተዕለት ነገር ነው፤ የጎረቤቱ ራውተር ሁሉ 2.4 ጊጋኸርዝ ላይ ይጋፋል፣ እዚያ የማይደራረቡት ቻናሎች ደግሞ 1፣ 6 እና 11 ብቻ ናቸው። ወደ 5 ጊጋኸርዝ ቀይሩ። ከተቻለ ኬብል ዘርጉ፤ ካት 5ኢ እስከ 100 ሜትር ያደርሳል።

ራውተሩ ደህና ከሆነ 8.8.8.8ን (የጉግልን ሰርቨር) ፒንግ እያደረጋችሁ ሌላ ሰው ትልቅ ቪዲዮ በቴሌግራም ይላክ። ቁጥሩ ከ80 ወደ 600 ካሻቀበ ራውተሩ ውስጥ ወረፋ አለ ማለት ነው፤ የጌሙ ትንንሽ ፓኬቶች (የመረጃ ቁርጥራጮች) ከቪዲዮው ኋላ ተሰልፈዋል። ጨዋታው ራሱ አብዛኛውን ጊዜ በሰከንድ ከ1 ሜጋቢት በታች ነው የሚበላው፣ ስለዚህ ፍጥነት መግዛት ብቻውን አያድነውም። ራውተሩ ኪውኦኤስ ወይም ኤስኪውኤም (ወረፋውን የሚያስተዳድር ቅንብር) ካለው፣ አፕሎዱን ከለካችሁት ፍጥነት 85 በመቶ ገደማ ላይ ገድቡት።

ይህም ደህና ሆኖ ፒንጉ ከፍ ካለ ምክንያቱ ርቀት ሊሆን ይችላል። ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል፤ ከአዲስ አበባ ፍራንክፈርት በቀጥታ እንኳ ከ5,000 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ደርሶ መልሱ ከ50 ሚሊሰከንድ በታች በምንም ተአምር አይወርድም፣ ኬብሉ ዞሮ ስለሚሄድ ደግሞ ይጨምራል። ዶታ 2 ጌም ላይ ሪጅን (ሰርቨሩ ያለበትን አካባቢ) ስትመርጡ የየሪጅኑን ፒንግ ያሳያል። ዱባይ በካርታ ቅርብ ብትሆንም መስመሩ የት ዞሮ እንደሚደርስ ካርታው አይነግራችሁም፤ ቁጥሩን እመኑ። ዲኤንኤስን ወደ 1.1.1.1 መቀየር ፒንግ ይቀንሳል የሚለውን ወሬ ግን ተዉት። ዲኤንኤስ የሰርቨሩን አድራሻ ፈልጎ ከሰጠ በኋላ ጨዋታው ውስጥ የለበትም።

«ኮኔክሽን ኤረር» ሲመጣ መጀመሪያ የኮምፒውተሩን ሰዓት እዩ። መብራት በጠፋ ቁጥር ቀኑ ወደ ድሮ ዓመት የሚመለስ ከሆነ ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ሲአር 2032 ባትሪ አልቃለች። ቀኑ ሲሳሳት ኮምፒውተሩ የሰርቨሩን ሰርተፊኬት (ማንነቱን የሚያረጋግጥ ዲጂታል ሰነድ) ጊዜው እንዳልደረሰ ቆጥሮ አይቀበለውም፣ ጌሙም ኔት የለም ይላችኋል። ሰዓቱ ትክክል ከሆነ ስቲም ላይ የጌሙን ስም በቀኝ ክሊክ ነክታችሁ ፕሮፐርቲስ፣ ከዚያ ኢንስቶልድ ፋይልስ ግቡና ፋይሎቹን ቬሪፋይ አድርጉ። ፋየርዎሉም ጌሙን እንዳልከለከለው እዩ።

የጌሙ ሰርቨር ላይ ደህና እየተጫወታችሁ፣ ራሳችሁ ሆስት ስታደርጉ (ጨዋታውን ከራሳችሁ ኮምፒውተር ስታስተናግዱ) ብቻ ጓደኛ መግባት ካቃተው፣ የራውተሩን የውጭ አድራሻ ተመልከቱ። ከ100.64 እስከ 100.127 ባለው ውስጥ ከሆነ አንዱን የውጭ አድራሻ ከብዙ ደንበኞች ጋር እየተጋራችሁ ነው፤ ፖርት ፎርዋርድ ብታደርጉ (ራውተሩ ከውጭ የሚመጣውን ግንኙነት ወደ ኮምፒውተራችሁ እንዲያሳልፍ ብታዙት) አይሠራም። ወይ የራሳችሁን አድራሻ ከአገልግሎት ሰጪው ጠይቁ፣ ወይ ጓደኛችሁ ሆስት ያድርግ።